በእኔ ስኳር የተያዘ ዶክትሬት

ዛሬ አሰላ ላይ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለየሺ ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እኔም ለይሉኝታ ያህል ቆምኩ።

የሺ በደርግ ዘመን እዚሁ ሆስፒታል አብራኝ የሠራች፣ እንደ እኔው ነርስ ናት። አሁን ዶክተር ሆና፣ ስለ ስኳር ሕመምተኞች እንክብካቤና ስለ ጤና ባለሙያዎች ጭንቀት ያጠናችውን አቀረበች።

"ሐሳቡ የተጠነሰሰው በአንድ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ነው" አለች። ከረባቴን አስተካከልኩ።

ያን ቀን ዘበኛችን ጋሽ ቶሎሳ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው ነበር የገቡት። የምሳ ሰዓት አለፈ፣ ካድሬው አልጨረሰም፣ መውጣት ክልክል ነው። ጋሽ ቶሎሳን ምግብ ሳይቀምሱ ስኳራቸው ወርዶ ላብ አጠመቃቸው፤ ተነሥተው መቀባዠር ጀመሩ። ካድሬው አስተያየት የሚሰጡ መስሎት "ይቀጥሉ ጓድ" አላቸው።

ያን ጠዋት ተሰልፌ ከኅብረት ሱቅ ያወጣሁትን የወር ስኳሬን በጥብጬ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

የሺ ይህን ሁሉ ሳታጎድል ተናገረችልኝ። ከዚያ ቀጠለች፦ "ጋሽ ቶሎሳ ደኅና ሲሆኑ፣ ስኳሩን ያጠጣው ባልደረባዬ ራሱን ስቶ ወደቀ። ስለ ባለሙያዎች ጭንቀት ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። በኋላ እንኳን ደስ አለሽ ስላት፣ "አንተ፣ አሁንም ትወድቃለህ እንዴ?" አለችኝ።

ስኳሩ የእኔ፣ አወዳደቁም የእኔ፣ ዶክትሬቱ የእሷ።

እናንተስ፣ በእናንተ ላብ ማን ተመረቀ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልቅና።