ያዘነበሉት የጣሊያን ዛፎች

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። በአካባቢው መንገድ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ የትውልድ ከተማውን የድሮ ፎቶ ለክፍላችን ስጦታ ይዞ መጣ። ኮረብታ ላይ የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች፣ አናቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን፤ ቁርጥ ደብረ ታቦርን!

«ጠላት እንዳይደርስባቸው ነው ተራራ ላይ የሠሩት። ይኸው ስንት መቶ ዓመት ንቅንቅ አላለም» እያልኩ ታሪኩን አንበለበልኩት።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ሽማግሌው አያ በላይ ተነሡ። «የኔታ፣ ከታች ያሉትን ዛፎች ይዩ፤ ግንዳቸው አዘንብሏል። መሬቱ ቁልቁል እየሄደ ነው። እኔ እዚያ በሬም አላስር።»

«አያ በላይ፣ ይሄ እኮ የጣሊያን ድንጋይ ነው! እንደኛ ጎጆ መሰለዎት?» ስላቸው ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እንግዳውም አብሮን እንዲስቅ በእንግሊዝኛ አስረዳሁት።

አልሳቀም። ጣቱን ከዛፎቹ አጠገብ ባለች ቤት ላይ አሳረፈ። «ይቺ የእናቴ ቤት ነበረች። ያ ሰፈር ተንዶ ገደል ገብቷል።»

ተረጎምኩላቸው። «እናቱስ ወጡ?» አሉ አያ በላይ።

ጠየቅሁት።

«እናቴማ ዛፎቹን አይታ ቀድማ ወጥታለች» አለኝ። «ያልወጣው የሳቀባት አስተማሪ ነው።»