የጎማው ፍንዳታና የእትዬ ጥሩ ዳስ

ሥራ የጀመርኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ከወሎ ወርጄ፣ በመተማ በኩል ተሻግሬ ሥራ ስፈልግ፣ ዓም ሳሊህ የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ። እጄን ገልብጠው አዩና ክሪክና መዶሻ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቀን ትእዛዛቸው ይህ ነበር፦ «ጎማ ስትሞላ ፊትህን ከሪንጉ አርቅ። ሪንግ ወዳጅ አያውቅም።»

ሪንግ የከባድ መኪናን ጎማ በቸርኬው ላይ የሚይዝ የብረት ቀለበት ነው። በደንብ ካልገባ፣ የጎማው ነፋስ ሲበረታ ተፈናጥሮ ይወጣል። ስለዚህ በሰንሰለት ታስሮ ነው ጎማ የሚሞላው።

እዚያ ሳለሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ፈንጂ ሰው ገደለ ተባለ። በማግስቱ ከሻ መጣ። ከሻ የሚሉት ፖሊስ መንገድ ዘግቶ መጤውን በጅምላ ሲያፍስ ነው። እኔም ታፈስኩ። ዓም ሳሊህ የጎማ መፍቻቸውን እንደያዙ ጣቢያው ገቡ።

«ይህ ልጅ የኔ ነው» አሉ።

«አሸባሪ አለመሆኑን በምን አወቁ?» አለ መኮንኑ።

«አንድ ጎማ ለመፍታት እስከ ቀትር ይፈጅበታል። እንዲህ ያለ ቀርፋፋ ማንን ያሸብራል?»

ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ተፈታሁ። ግን ተቀይሜ ነበር። እስከ ረፋድ እንጂ እስከ ቀትር አይፈጅብኝም።

በኋላ ወደ መተማ ተመልሼ የራሴን ጎሚስታ ቤት ከፈትኩ፤ ልጆችም እዚሁ አሳደግሁ። ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ፣ ከሞቱ የቆዩት የዓም ሳሊህ ልጅ አደም አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ ደጄ ላይ ቆመ። ምንም አልጠየቅሁትም። ክሪኩን ሰጠሁት።

በእኛም በኩል መንገዱ ከፍቶ ነበር። ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ሰው ያግታሉ። መንግሥት ፍተሻ አበዛ፤ መኪኖችም ተሰባስበው በወታደር እጀባ እንዲጓዙ አደረገ። እጀባው ጠቅሟል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ሰው ለምን ያግታል? ደንበኞቼ ሥራ አጥነት ነው ይላሉ። እኔም ሥራ አጥቼ፣ ርቦኝም ያውቃል፤ ሰው ግን አላገትኩም። ሆኖም የተራበ፣ ተበድሎም ዳኛ ያጣ ልጅ፣ ጠመንጃ ይዞ «ና» የሚለው ሰው ሲመጣ ቶሎ ይሰማል። ጥፋቱ የሁለቱም ነው። የጠሪው ይበልጣል።

አንድ የገበያ ቀን ከጎረቤት ከተማችን ከኮኪት ሰሊጥ የጫነ መኪና ጎማው ተንፍሶ ደረሰ። እጀባው ሊነሳ ነው። ሾፌሩ እግሩ መሬት አይነካም።

«አደም! ቶሎ በል እንጂ! ካመለጠኝ ብቻዬን ልቀር ነው!»

«ሰንሰለቱን ላስገባ።»

«ሰንሰለትህን ተወው! እኔን በሰንሰለት የሚያስረኝ መንገድ ላይ እየጠበቀኝ ነው!»

እኔ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ይዤ ነበር። «ተው!» ብዬ ሳልጨርስ ሾፌሩ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ነጥቆ ሰካው።

ሪንጉ ሰማይ ላይ ወጣ። የፍንዳታው ድምፅ ገበያውን በሙሉ መሬት ላይ አስተኛው። ሪንጉ ሲወርድ ቲማቲም የሚሸጡትን የእትዬ ጥሩን ዳስ ምሰሶ መታና ዳሱ በላያቸው ተናደ። በገበያው ቆማ የቀረችው አንዲት ፍየል ናት፤ እሷም ቲማቲም ትበላ ነበር።

«ቦምብ ነው! ሱዳኑ ቦምብ ወረወረ!» አለ አንዱ ከተኛበት።

ሾፌሩ ሮጦ ጠፋ። ሚሊሻዎቹ ሲደርሱ አደም ከዳሱ አጠገብ ነበርና እሱን ያዙት።

ተከትዬ ጣቢያ ገባሁ። የጣቢያው አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ዋስ የሌለው የውጭ ሰው ወደ ድንበር ይመለስ ተብሎ ታዟል። ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ አደም የሸሸው ጦርነት አለ።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይቅርታ አባቴ፣ እርስዎስ ወሎዬ አይደሉ? መጤ ለመጤ ዋስ አይሆንም። የአገር ሰው ያምጡ።»

የዚያን ሰው መኪና ጎማ ስንት ጊዜ ጠግኛለሁ።

እትዬ ጥሩ በሩ ላይ ደረሱ። ነጠላቸው በቲማቲም ቀልቷል። መንገዱን ሁሉ «ይታሰርልኝ!» እያሉ ነው የመጡት።

«ወዴት ልትወስዱት ነው?» አሉ።

«ወደ ድንበር፣ እትዬ።»

«ዳሴንስ ማን ይተክልልኛል? ድንበሩ?»

«እንግዲህ ዋስ ይሆኑታል?»

«ምን ላድርግ? አንተ ዳስ መትከል ታውቃለህ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ልጄ፣ ቦምብ የወረወረ ይሸሻል። እናንተ ሁላችሁ ስትተኙ ከዳሱ ሥር ጎትቶ ያወጣኝ ይሄ ነው። የአገር ሰው ካልክ እኔ አለሁ፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ።»

ሻምበሉ ሊስቅም ሊቆጣም ሞከረ፤ ሳቁ ቀደመው። ከእኛ ጋር ሄዶ ሪንጉን ከቲማቲሙ መሀል አነሳ፤ አገላብጦ አየና ቦምብ አለመሆኑን አረጋግጦ አደምን ለቀቀው።

አደም ዳሱን በዚያው ቀን ተከለ። እትዬ ጥሩ እስከ ዛሬ ጠሟል ይላሉ። አልጠመመም፤ በውሃ ልክ አይቼዋለሁ።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። የሚያጣድፋችሁ ሾፌርም ቢሆን ፍርሃትም ቢሆን ሪንጉን ሳታስሩ ጎማ አትሙሉ። ፍተሻ ያስፈልጋል፤ የጅምላ አፈሳ ግን የሚያገኘው ያልሸሸውን ነው። አጠገባችሁ የሚሠራውን መጤ ሳይታሰር በፊት እወቁት፤ ሲታሰር ዋስ የሚሆነው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው።