ሁለት ስለት ለአንድ ታቦት

ፀሐይቱ ካዛንቺስ ውስጥ የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንላት ሴት ናት። በዘጠና አንድ የኤርትራው ጦርነት ሲፋፋም ሰርግ ጠፋ። ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ለጦሩ በዓመት ውል የጀርባ ቦርሳ የሚያሰፋው ሀብተሥላሴ ግን ሠራተኛ አነሰው።

«ዘንድሮ በጀቱ ሁሉ ወደ ጦሩ ነው፤ በቃ፣ ሽርክና ግቢ» አላት። የስፌት መኪናዎቿን አስጭና፣ እቁቧን ጨምራ ገባች።

ትርፉ መጣ፤ እንቅልፏ ሄደ። ታናሽ ወንድሟ መብርሃቶም ግንባር ነው። ሬዲዮ ስለ እርቅ ሲያወራ ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ «ውሉ ባይታደስስ?» ብላ ትሰጋለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እሷ ወጥታ ነበር። ጭንቀቱ ሲብስባት ቂርቆስ ደጅ ቆማ፣ «ውላችንን ለከርሞ ብታሳድስልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ውሉ እንዲታደስ ጦርነቱም መክረም እንዳለበት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዴም አላሰበችው።

ውሉ ታደሰ።

ስለት አይበላም። ጥር አሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ንግሥ ዕለት፣ ጥላውን በነጠላዋ ሸፋፍና ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ትርሓስም አብረዋት ወጡ። እዚያ የእያንዳንዱ ሰው ስለት በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ልማዱ ነው።

ተራዋ ሲደርስ፣ «ዝም ብለህ ተቀበለኝ» ብላ ዲያቆኑን ለመነችው።

«የታቦት ሥራ አይደበቅም፣ እህቴ። ስለምን ነው የተሳልሽው?»

እዚያ ቆማ መዋሸት አልሆነላትም። በጆሮው ነገረችው።

«እህታችን የወታደር ቦርሳ ውላቸው ስለታደሰላቸው፣ የተሳሉትን ጥላ ይዘው መጥተዋል! እልል በሉ!»

ሕዝቡ እልል አለ።

«እኔም ተስዬ ነበር» አሉ ወይዘሮ ትርሓስ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለዛሬ ንግሥ ጦርነቱ አልቆ ልጄ ቢመጣልኝ ብዬ።»

«አደይ፣ እኔ እኮ ማለቴ…»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ክፉ አላሰብሽበትም።» ወርቀ ዘቦ የዞረበትን ጥላ ቀና ብለው አዩት። «አንድ ቤት እያደርን አንዱን ቂርቆስ ወዲያና ወዲህ ስንጎትተው ከርመናል። አንቺን ሰማሽ።»

መብርሃቶም ገና ግንባር ነበር።