የአባዬ ሰማያዊ ጥድ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ቆሞ አየሁ። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ አመድማ ነው። ባለሱቁ፣ የአገሬ ልጅ፣ "ብሉ ስፕሩስ ነው እህቴ፣ ኦሪጅናል" አለኝ። ኦሪጅናል ፕላስቲክ! ደሜ ፈላ። ጥዬው ሄድኩ።

ልጅ እያለሁ ይህን ስም ያልሰማሁበት ቀን አልነበረም። አባዬ ጁባ መጥቶ ሃይ ማላካል ሰፈር ምግብ ቤት ከመክፈቱ በፊት አዲስ አበባ የፈረንጅ ግቢ አትክልተኛ ነበር። ግቢው ውስጥ ፈረንጆቹ ብሉ ስፕሩስ የሚሉት አንድ ሰማያዊ ጥድ ነበር፤ ስለሱ ሲያወራ ስለ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ቅርንጫፉ ላይ አንድ በአንድ ነው የሚበቅለው፣ በጣቶችሽ መሃል ስታሽከረክሪው አራት ጠርዙ ይታወቅሻል ይለኝ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ ወደ ጁባ ሲያመጣኝ እማዬ የታመመች እናቷን ጥላ መምጣት ስላልቻለች ደብረ ብርሃን ቀረች። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። አልበላም አልጠጣም ብዬ ሳለቅስበት ጊዜ አባዬ በአንድ የካምፓላ ሹፌር በኩል ችግኝ አስመጣና ጓሮ ተከለው።

"ይሄ ሰማያዊ ጥድ ነው። ቁመትሽን ያለፈ ቀን እናትሽ ጋ እወስድሻለሁ" አለኝ።

እኔም አመንኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ አጠጣዋለሁ። ጥድ ብርድ ይወዳል ስላለኝ ከለስላሳ መጠጡ ሳጥን የተረፈውን በረዶ ለቅሜ ሥሩ ላይ እደፋለሁ። የራሰው አፈር ሽታ ከጥብሱና ከጄኔሬተሩ ጭስ ጋር እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከሰፈር ልጆች ጋር ደግሞ ክር የመሰሉትን ቅጠሎቹን ከመጋጠሚያቸው ነቅለን፣ መልሰን ሰክተን "የት ጋ ነው የተቆረጠው?" እየተባባልን እንጫወት ነበር። ዛፉ ሙቀቱ ተስማማውና ተመዘዘ። የሁለተኛው ዓመት ዝናብ ሳያባራ ጎረቤታችን ማማ ሮዝ ጀርባዬን ለዛፉ ሰጥታ አቆመችኝ፤ እጇን አናቴ ላይ ጋደም አደረገችና "ከላስ" አለች። አለቀ፣ በለጠሽ ማለቷ ነው።

እየሮጥኩ አባዬን ጠራሁት። እጁን በፎጣ እየጠረገ መጣ። ዛፉን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ልክ እኛ ስንጫወት እንደምናደርገው አንዱን ቅጠል ከመጋጠሚያው ነቅሎ አሳየኝ።

"ይሄ እኮ ሸውሸዌ ነው። የጥድ ቅጠል እንዲህ አይገጣጠምም። እኔ ያልኩሽ ጥዱ ሲያድግ ነው።"

ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር! ዕድሜውን ከዛፍ ጋር የኖረ ሰው ሸውሸዌን ከጥድ ሳይለይ ቀርቶ ነው? እውነተኛው ቢመጣለትም የጁባ ፀሐይ ዓመት አያቆየውም ነበር፤ ይህንንም ያውቃል። ዛፉ ደረቀም አደገም እኔ የትም አልሄድም ነበር። ካደግኩ በኋላ ስጠይቀው፣ እዚያው ትቀሪብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው አለኝ። እሱ ፈራ፤ የኔን ፍርሃት ግን ማን ጠየቀኝ?

አንዴ መንገዱ ተዘጋ፣ አንዴ ምግብ ቤቱን የምተውለት ሰው አጣሁ ሲል ቆይቶ፣ እማዬ ጋ የወሰደኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ድንገት ደስ ይበላት ብሎ ሳይነግራት ሄድን። እሱ ከታክሲው ሻንጣ ሲያወርድ እኔ ቀድሜ አንኳኳሁ። እማዬ ከፈተች። እስከዚያ ቀን የምታውቀው በስልክ ድምፄን ብቻ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና እንደ እንግዳ ሰው በአክብሮት ጠየቀችኝ።

"ማንን ፈልገው ነው?"

ዛሬ የጎረቤቶቼ ልጆች እናታቸው ገበያ ውላ እንኳ በስልክ ፊቷን ያያሉ። እኔና እማዬም በየእሁዱ በቪዲዮ እንነጋገራለን። አንቺ ትለኛለች፣ ልጄ ትለኛለች። ግን ስልኩ እንደተነሳ፣ ከሰላምታው በፊት፣ ለአፍታ ፊቴን ትመረምረዋለች። ሁሉንም ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያቺን አፍታ ግን ለአባዬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።