አሉማ የቀነጠስኩበት ሰኔ

ልጅ እያለሁ እግሬ አርፎ አያውቅም ነበር። እናቴ ሱቅ ስትልከኝ የምገዛውን በቅጡ ሳልሰማ ግማሽ መንገድ እደርስ ነበር። ታላቅ እህቴ የሺ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከተቀመጠች ዝናብ ቢመታት እንኳ የምትነሳ አትመስልም። ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ነገሩ ሲሆን የሚኒስትሪ ፈተናዋ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ቤታችን ደብረ ታቦር ዳር፣ ከገብስ ማሳ ጎን ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው በማሳው ዳር አሉማ ይወጣል። ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ እንደ ጎመን የሚበላ ቅጠል ነው። በሐዋርያት ጾም እናቴ በሽንኩርትና በዘይት ስትሠራው ሽታው እስከ መንገድ ይደርሳል። ለለቀማ ስትወስደኝ ግን ሕጓ ብዙ ነበር። ቆሻሻ ከሚደፋበት አይቀነጠስም፤ ያላወቅነው አይነካም፤ እሷ ሳታየው ድስት አይገባም። ቤት ስንመለስ ሰፌድ ላይ ዘርግታ አንድ አንዱን ቅጠል ታገላብጣለች፣ አሽታ ታሸታለች። እኔ አጠገቧ እቁነጠነጣለሁ።

ያን ቀን እናቴ ለቅሶ ሄዳ ነበር። የሺ ለምሳ ሽሮ ልትሠራ ስትነሳ "አሉማ ላምጣልሽ" አልኳት። ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ እየጠበቁኝ ስለነበር ማሳው ድረስ መሄድ ታከተኝ። ከአጥራችን ጀርባ፣ አመድና ጥራጊ የሚደፋበት ቦታ፣ ለምለም ቡቃያ ሞልቶታል። በእፍኝ በእፍኝ ቀንጥሼ ተመለስኩ።

"በደንብ አይተሽዋል?" አለችኝ የሺ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ።

"እማዬ እንደምታየው አድርጌ አይቼዋለሁ" አልኳት። ዋሸሁ። ከዚያ ደረቅ እንጀራ ጠቅልዬ እየበላሁ ወደ ጨዋታዬ ሮጥኩ።

ከሰዓት ስመለስ የሺ ግድግዳው ፊት ቆማ ታወራለች። ፊቷ ቀልቷል፣ የዓይኗ ጥቁር ሰፍቷል፣ በጣቶቿ ከአየር ላይ ክር የምትለቅም ይመስላል። "የሺ!" ስላት "ዝም በይ፣ መምህሩ እየጻፈ ነው" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አንድ እርምጃ ተራምዳ ስትወድቅ ግን ጮህኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። እናቴም ከለቅሶ ስትመለስ በዚያው ደረሰች። "ለክፏታል፤ ጠበል እንውሰዳት" አሉ ሴቶቹ። እናቴ እያለቀሰች ነጠላዋን አደገደገች። እኔ ከበር ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ በር እመላለሳለሁ። እኔ ካመጣሁላት ሌላ ምን በላች? ብናገር የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ዝም ስል ደግሞ የእህቴ ድምፅ እየተጎላደፈ ሲሄድ እሰማለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ይማም ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ገቡ። የሺን አዩዋት፣ ከዚያ ዞር አሉና "ይች ልጅ ምን በላች?" አሉ።

"አሉማ" አልኩ፤ ድምፄን ራሴም አልሰማሁት። "እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ከአጥሩ ኋላ።"

"ሩጭ! ከነሥሩ ነቅለሽ አምጭልኝ!"

በዝናቡ ሮጥኩ። ያመጣሁላቸውን ቅጠል በጣታቸው አሽተው አሸተቱና "ይኼ የአስተናግር ቡቃያ ነው። ያ ረብ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ!" አሉ። አስተናግርን አውቀዋለሁ፤ እንደ ጡሩምባ ያለ ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው፣ የበላውን የሚያስለፈልፍ መርዝ ነው። ገና ቡቃያ ሳለ ግን ጎመን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ጋሽ ይማም እህቴን አዝለው ጭቃውን ሲያቋርጡ እኔ ቡቃያውን ጨብጬ ከኋላ እሮጣለሁ። ነርሷ ገና እንዳየችው ሌላ ሳትጠይቅ ሥራዋን ጀመረች።

የሺ አእምሮዋ የተመለሰው በፈተናው ጠዋት ነው። "ፈተናው?" ብላ ጠየቀች። እናቴ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት። እህቴ በዓመቱ ከታናናሾቿ ጋር ተፈትና አለፈች። አንድም ቀን "በአንች የተነሳ" ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አሉማ ግን ለብዙ ዓመታት በአፏ አልዞረም።

ዛሬ ያ ማሳ ቤት ተሠርቶበት፣ በመሃሉ ባጃጅ ይመላለሳል። ያኔ ደጃፋችን ላይ የነበረውን አሉማ አሁን ፍለጋ ከከተማ መውጣት አለብኝ። ልጆቼ ጎመን የሚያውቁት ገበያ ታስሮ ነው። ባለፈው ሰኔ ግን ልጄን ይዤ ወጣሁና ስንመለስ የለቀምነውን አሉማ ሰፌድ ላይ ዘረጋሁት። ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ሦስተኛ ስጀምር "እማዬ፣ በቃ እኮ!" አለችኝ።

የዚያን ዕለት የሺ ከምታስተምርበት ከሐሙሲት መጥታ ነበር። ሽሮውንም አሉማውንም አቀረብኩና መቀመጥ አቃተኝ፤ ውኃ ልቅዳ፣ በር ልዝጋ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። የሺ እጇን ታጥባ ሽሮውን አልፋ ከአሉማው ጎረሰች። ማን እንደቀነጠሰው አልጠየቀችኝም።

"ጨው አንሶታል" አለችኝ።