ለአባቴ የመረጥኩት ሰንጢ

ከቦርሳዬ ሰንጢ ጠፍቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተምራለሁ፤ ሽቦ ይላጣል፣ ካርቶን ይከፈታል፣ ገመድ ይቆረጣል። ባልደረቦቼ «ሽፍታዋ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ! ሎሚ ሲቆርጡም፣ ፌስታል አልፈታ ሲላቸውም የሚሮጡት ወደ እኔው ነው። ለዕቃ ደግሞ ቁጡ ነኝ። የማይረባ መሣሪያ ሳይ ደሜ ይፈላል። ለሰው ትንሽ እታገሣለሁ፤ ለዕቃ ግን ፈጽሞ።

ይህ የማወራው ሰንጢ ግን ለእኔ አልነበረም፣ ለአባቴ ነው። አባቴ ደብረ ወርቅ አጠገብ የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብራና ላይ መጽሐፍ ሲጽፉ የኖሩ። ብርዓቸውን ከመቃ የሚቀርጹት ራሳቸው ናቸው። የብርዕ ጫፍ የሚቆረጠው እንደ ጸሐፊው እጅ ነው፤ አንዱ ያጋድለዋል፣ ሌላው ቀጥ ያደርገዋል። ስለዚህ የአባቴን ብርዕ ሌላ ሰው ቆርጦት አያውቅም። በሁለት በሦስት ቀን ጫፉ ይደነዝዛል፣ ፊደሉም ይወፍራል፤ ያኔ እንደገና ይቀረጻል።

ባለፈው ዓመት ሕመም ጣላቸውና የግራ እጃቸው ዛለ። ቀኙ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው፤ ይጽፋል። ግራው ግን ይንቀጠቀጣል፣ የያዘውን ይለቃል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ቆይታለች፤ ጎረቤት ምግብ ያቀርብላቸዋል፣ ከዚያ በላይ ግን ሰው አያስጠጉም። ኩሩ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ላግዝዎት ያለውን ሁሉ «አንተ ሥራ የለህም?» ብለው ይሸኙታል።

አንድ ቅዳሜ ሳይሰሙኝ ገባሁና አሮጌውን ሰንጢያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ሲከፍቱ አየኋቸው። ስለቱ ከከንፈራቸው በታች ነው። ሲያዩኝ ሰንጢውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «እንግዲህ ይበቃኛል፤ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰው» አሉ። ለደብሩ የሚጽፉት መጽሐፍ ገና እኩሌታው ነበር። አባቴ መጻፍ ካቆሙ ምን እንደሚቀራቸው አውቃለሁ፤ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ነው። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ። ማርቆስ ሳልደርስ ወሰንኩ፦ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ ከተከፈተ በኋላ ጣት ላይ የማይታጠፍ፣ ጥሩ ከተባለው ሁሉ ጥሩውን ሰንጢ እገዛለሁ።

ቀላል መስሎኝ! ያልገባሁበት ሱቅ የለም። አንዱ ባለሱቅ ጥቁር፣ ጀርባው መጋዝ የሆነ፣ ጦር ሜዳ የሚዘምት የሚመስል ነገር አወጣልኝ።

«ኦርጅናል ነው፣ እናቴ ትሙት!»

ከፈትኩና የስለቱን ጀርባ ባንኮኒው ላይ ጫን አደረግሁት። እጥፍ አለ።

«ይሄ ኦርጅናል ከሆነ እኔም ንግሥት ነኝ» አልኩት።

«እንዴ! እህቴ፣ ሰንጢ እንዲህ አይፈተንም።»

«በምን ይፈተናል? ጣት ቆርጦ ሲጥል?»

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ የእኔን ደጃፍ ግን ማንም አይደርስበትም። ሌላው ሱቅ ያለው ለመክፈት ሁለት አውራ ጣት ይፈልጋል። ሦስተኛው በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ግን ስለቱ ወፍራም ስለሆነ መቃውን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቀርጸውም።

በመጨረሻ የአንዲት ባልደረባዬ ወንድም ደረሰልኝ። በሥራው ውጭ አገር ይመላለሳል። ካለበት ሆኖ ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔም አላስቀምጠውም። መቆለፊያው በየት በኩል ነው? እጀታው ላብ ሲነካው ያንሸራትታል? ብረቱ ይዝጋል? ስለቱ ስንት ጣት ነው? አንድ ቀን «እህቴ፣ የምትመርጪው ሰንጢ ነው ወይስ ባል?» ብሎ ጻፈልኝ። «ባልማ ቢሆን ይህን ያህል አልደክምም ነበር» ብዬ መለስኩለት። እውነቴን ነው።

ሁለት ሰንጢዎች ቀሩ። አንዱ ከበድ ያለ፣ ብረቱ መልክ የሚያሳይ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነው። ልዋሽ አልችልም፣ ለራሴ ተመኘሁት። ሌላው ቀጠን ያለ ነው፤ እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ስስ፣ ጫፉ ሹል። መቃ የሚያውቀው ይሄኛው ነው አልኩና ምራቄን ውጬ ቀጭኑን መረጥኩ። ዋጋውን አልናገርም። አባቴ ቢሰሙ ሰንጢውን ሸጠው በግ ይገዙበታል።

በእጄ ሲገባ ግን ወጪውን ረሳሁት። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል፣ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጫኑት አይነቃነቅም። ቢሮዬ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ።

ከዚያ ጉዴ ፈላ። በማግሥቱ ሐሙስ ነው፣ የፍስክ ወራት፤ ከባልደረቦቼ ጋር ሥጋ ቤት ገባን። ቁርጥ ቀረበ። የቤቱ ቢላዋ ደነዝ፣ ሥጋውን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ደነዝ ነገር አልወድም ብያለሁ። «እስኪ ያ ያወራሽለት ሰንጢ ይምጣ!» አሉ። አመጣሁት። በአንድ መሳብ ቁራጩ ሳህኑ ላይ ተኛ። ተጨበጨበ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳኝክ ትዝ አለኝ። የመጽሐፍ ሰንጢ ምግብ አይነካም!

ልጅ ሳለሁ ለጠጉሬ ብዬ ከቅቤው ላይ በአባቴ ሰንጢ ቆርጬ ነበር። አልመቱኝም። ሰንጢውን ለእናቴ ማጀት ሰጡና ገበያ ቆሞ ሌላ እስኪገዙ ድረስ ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ከመመታት የባሰ ነበር። በቅቤ እንዲህ የሆኑ ሰው በጥሬ ሥጋ ምን ሊሉ ነው? ጉርሻውን ትቼ ተነሣሁ።

በሳሙና አጠብኩት፣ በአልኮል ጠረግሁት። ዝም ብልስ ማን ያውቃል? አልኩ። እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ወርቅ ደረስኩ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ሰንጢውን አቀረብኩላቸው። ስጦታ በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት፤ ቀኙ ቶሎ መጣ፣ ግራው ዘግይቶ እየተንቀጠቀጠ ከጋቢው ወጣ። እንዳላየ ሆንኩ።

«በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጉት።»

ገፉት። ቀጭ! ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ። ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ደግሞ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም ነበር። ያንን ሳቅ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሥጋ ቆርጬበታለሁ።»

ሳቃቸው ቆመ። «በጾም?»

«ኧረ በፍስክ ነው! ሐሙስ ዕለት።»

ከጎናቸው የተቀመጠውን ብራና አመለከቱኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ብራና ነዋ።»

«ፍየል ነው። ሥጋውንም እኔው በልቼዋለሁ።»

ተናደድኩ። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ! «ታዲያ የዚያን ጊዜ ለቅቤዋ ለምን እንደዚያ ሆኑ?»

«አንቺ ልጅ፣ ቅባት የነካው መቃ ቀለም ይይዛል? የሥራ ነገር እኮ ነው። ያ ሰንጢ መጋጠሚያው ውስጥ ሁሉ ቅቤ ገብቶበት አልለቅ ብሎኝ ነው። ይሄንን በአመድ አሽቼ አጥበዋለሁ፣ አለቀ።»

አጥበው አደረቁትና መቃ አመጡ። ወራት ሙሉ የጠበቅሁት ሰዓት ነው። ቀኝ እጃቸው ሰንጢውን ከፈተ፣ ግራው መቃውን ያዘ። ስለቱ ገና ሲነካው መቃው አምልጦ ወደቀ። አነሱት። ወደቀ። በሦስተኛው ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ። ወይ እኔ! ስለ ስለት፣ ስለ መቆለፊያ፣ ስለ እጀታ ያን ሁሉ ጊዜ ስጨቃጨቅ፣ መቃውን የሚይዘው እጅ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። መምህርት ተብዬ! ሰንጢው በአንድ እጅ ይከፈታል፤ መቃ ግን በአንድ እጅ አይቀረጽም።

«አባባ፣ እኔ ልያዝልዎት?»

አላዩኝም። ግራ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ። «አንቺማ አንዴ አይተሽዋል» አሉ በመጨረሻ። «ያዥ። እንዳትነቃነቂ።»

በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ። አሾሉት፣ ጫፉን ሰነጠቁት፣ አጋድለው ቆረጡት። ስንጣሪ አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ አልተነቃነቅሁም። ቀለም አጥቅሰው ቁራጭ ብራና ላይ አንዲት ፊደል ጻፉ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለች።

«እሰይ!» አሉ። ከዚያ ቀልድ አስመስለው «ለሳምንትስ ማን ይይዝልኛል?» አሉኝ።

ጎረቤት ያለው ዲያቆን ይያዝልዎት ብዬ ለመንኳቸው። ሞቼ ነው ቆሜ አሉ። እልኸኛ ናቸው፤ እኔስ ከማን ወረስኩት? ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መመላለስ ጀመርኩ። በአንድ ጉዞ ሦስት ብርዕ እንቀርጻለን፣ ከዚያ በላይ ቀኝ እጃቸውም ይደክማል። ሦስቱ እስከ ዓርብ ያዳርሷቸዋል። መጽሐፉም ገጽ በገጽ ወደ ፊት ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ቀረሁ። ምክንያት የለኝም፣ ደክሞኝ ነበር፣ አልጋዬም ጣፈጠኝ። ስልክ ደውዬ «አባባ፣ መኪና ጠፋ» አልኩ። «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» አሉ።

በሳምንቱ ስሄድ የጻፉትን ዘረጉልኝ። ከላይ ያሉት መስመሮች ቀጭንና ቆንጆ ናቸው። ወደ ታች ሲወርዱ ፊደሎቹ ይወፍራሉ፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይማ ተጨናንቀው እርስ በርስ ይነካካሉ። በደነዘው ብርዕ ሳምንቱን ሙሉ ጽፈዋል። ያ ገጽ እሳቸውም እኔም ካለፍን በኋላ ደብሩ ውስጥ ይነበባል። አባቴ ጣታቸውን ከወፈሩት መስመሮች አጠገብ አኖሩ።

«ይሄ መኪና የጠፋ ጊዜ የተጻፈው ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

አንገቴን ደፋሁ። «አባባ፣ መኪናማ ነበረ።»

«አውቃለሁ» አሉና ሰንጢውን ከፈቱ። «በይ ያዥ።»