ከመጋረጃው ወዲያ

ወንድሜ ቬርሊን ላም ሲያልብ ያረጀ ሰው ነው። በረቱን ከአባታችን ከተረከበ ጀምሮ በረዶ ይጣል፣ ሰው ይሙት፣ ሙሽራ ይዳር፣ ጠዋትና ማታ ላሞቹ መታለብ አለባቸው። ላም እሑድ አታውቅም። ስለዚህ ቬርሊንና ሚስቱ አርዲስ ከሚኒሶታው እርሻ ወጥተው ውጭ ያደሩት በሠርጋቸው ሌሊት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ሙሽራይቱን ቀስቅሶ ወደ ቤት ነዳ። እኔ እህቱ ላቮን ከመንገዱ ማዶ ነው የምኖረው። የማላየው ነገር የለም፤ ያየሁትን ደግሞ መደበቅ አልችልበትም።

አርዲስ ግን ዓይኗ መንገድ ላይ ነበር። ከማድ ቤቷ መስኮት በረቱ ይታያል፣ ከበረቱ ባሻገር አውራ ጎዳናው። በበጋ ጡረተኞች አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም ውስጡ ያለ ባለጎማ ቤታቸውን እየነዱ ወደ ምዕራብ ሲያልፉ ሳህን በእጇ እንደያዘች ታያቸዋለች።

«እኛስ መቼ ይሆን፣ ላቮን?» ትለኛለች።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» እላታለሁ። ትስቅና ሳህኗን ታደርቃለች።

ባለፈው ክረምት የቬርሊን ዳሌ እምቢ አለ፤ ላሞቹ ተሸጡ። ጭነት መኪናው መጥቶ ሲወስዳቸው የኋላ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ። «በሉ ደህና ሁኑ» አለና ምሳውን ሊበላ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከአፉ ቃል የሚወጣ አልሆነም።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አገር ያቋርጣሉ፤ ጠብ አይደለም፣ ሰላም ነው። ትልቁ ሙገሳችን «መጥፎ አይደለም» ነው፤ ሌላ ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብለን ነው ያደግነው። የቬርሊን የአሁኑ ዝምታ ግን የተለየ ነበር። ጠዋትና ማታ በማለቢያው ሰዓት ይነሣል፣ ቦት ጫማውን ያጠልቃል፣ ባዶ በረት ውስጥ ገብቶ በጨለማ ይቆማል። አርዲስ ደግሞ ማድ ቤት መብራቱን አብርታ የተከፈተውን የበረት በር ታያለች። አንጀቴን በላችው።

«እየሄደብኝ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «እዚያ በረት ውስጥ ቀስ እያለ እየጠፋብኝ ነው።»

«ታዲያ ጎትተሽ አታወጪውም?»

«ቬርሊንን ጎትቶ ያወጣ ሰው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። አባታችንም አያውቅም ነበር።

ሐምሌ ላይ ጥሩምባ ሰምቼ ብወጣ፣ አርዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ነጭ ባለጎማ ቤት ራሷ እየነዳች ግቢ ገባች። ወይ ጉድ! ያቺ ድንቢጥ የምታህል ሴት ከመሪው በላይ ዓይኗና ግንባሯ ብቻ ይታያል። ቬርሊን ከበረት ወጣና ዙሪያውን ዞረው፤ ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

«ትልቅ ነው» አለ።

«ትልቅ ነው» አለች።

አለቀ። ሌላ አገር ቢሆን ይኼ ስንት ቀን ያጨቃጭቅ ነበር!

እኛ ዘንድ አዲስ ባለጎማ ቤት የገዛ ሰው መጀመሪያ በገዛ ግቢው ነው የሚያድርበት፤ ቧንቧው ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ ምድጃው ይነድ እንደሆነ ለማየት። እነሱም ቤታቸው አጠገብ፣ ከቤታቸው ወጥተው አደሩ። ድንች በሥጋ ጋግሬ ወሰድኩላቸውና፣ «እንግዲህ በባዕድ አገር በርቱ!» ብዬ ቀለድኩባቸው።

ሊነጋጋ ሲል አርዲስ ብትነቃ ከጎኗ ማንም የለም። ትንሿን መብራት አብርታ በሩን ከፈተች። የበረቱ በር ተከፍቷል።

ጠዋት እኔ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። «ዛሬ እንሄዳለን» አለችኝ። «ግን ስሚኝ ላቮን፤ መንገድ ላይ መሪውን ወደ ኋላ ካዞረ ሁለተኛ አልጠይቀውም። ባለጎማውን እመልስና መስኮቴ ላይ እቀመጣለሁ። እሱ በበረቱ፣ እኔ በመስኮቴ፣ እስክንሞት።»

ምን ይባላል? «ሹራብ ያዢ፣ ማታ ማታ ይበርዳል» አልኳት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን ከእሷ፣ ግማሹን ከእሱ ነው የሰማሁት። የእሱ ግማሽ የእሷን ሩብ አይሞላም።

በቆሎው አለቀ፣ ሣሩ ጀመረ። ሰማዩ እየሰፋ፣ ምድሩ እየተጋደመ ሄደ። ቤቱ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስኒዎቹ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ፤ መጋረጃው ይነፋል፣ ይሟሽሻል። አርዲስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችበት መስኮት ተነቅሎ አብሯት የሚሄድ መሰላት። ትናንት እዚያው የነበረ ዛፍ ዛሬ ሌላ ዛፍ ነው፤ ትናንት በረት የነበረበት ቦታ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ፈረሶች፣ ቀጥሎ ምንም፣ ነፋስ ብቻ። ሚዙሪን ሲሻገሩ ወንዙ ከታች ሰፊና ዝም ያለ ነበር። ከወዲያ ማዶ ያሉት ኮረብታዎች ተኝተው የሚያመሰኩ ላሞች ይመስላሉ። ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ላም የሚለውን ቃል ፈርታ ዘጋችው።

«ጋደም ልበል» አለች ከምሳ በኋላ።

«እሺ» አለ።

አልጋው ከኋላ ነው፣ መጋረጃ አለው፤ ሳበችው። በጀርባዋ ስትተኛ በትንሿ መስኮት የሚታያት ደመና ብቻ ነው። ምድር የለም፣ መንገድ የለም፣ ደመና ብቻ ይሄዳል፤ እሷም አብራው ትሄዳለች። ልጅ ሆና የአባቷ ጋሪ ላይ በድርቆሽ ክምር ተኝታ ስትሄድ እንዲህ ነበር። የት እንደሚወስዷት ሳትጠይቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

የነቃችው ቤቱ ሲቆም ነው። ነዳጅ ማደያ። ቬርሊን በወዲያኛው ጎን ነዳጅ ይቀዳል። አርዲስ መጸዳጃ መሄድ ፈለገች። የገዛ ቤቷ መጸዳጃ ከአልጋዋ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ነው፤ አብረቅራቂ፣ ማንም ያልተቀመጠበት። ግን አዲስ ነዋ! እኛ እኮ የሶፋ ላስቲክ ሳንቀድ አርጅተን የምንሞት ሰዎች ነን። እንዴት ብላ ታቆሽሸው? በወዲህኛው በር በነጠላ ጫማ፣ ስልኳን ትራሷ ሥር ትታ፣ ሹልክ ብላ ወጣችና የማደያውን መጸዳጃ ልትጠቀም ገባች።

ስትመለስ ቤቷ የለም።

ምድጃዋ፣ አልጋዋ፣ ባሏ፣ ሁሉም የለም። ቆሞበት በነበረው ቦታ ትንሽ ውኃ አንጠባጥቧል፣ እሱም እየደረቀ ነው። ሮጣ ገብታ ሻጯን ሴትዮ ጠየቀቻት።

«ነጩ መኪና ወዴት ታጠፈ? ወደ ምዕራብ ወይስ ወደ ምሥራቅ?»

«ልብ አላልኩም የኔ እመቤት።»

አርዲስ ተቀመጠች። ሌላ ሴት ብትሆን «ባሌ ረሳኝ!» ብላ ትጮህ ነበር። የእሷ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። የማለቢያው ሰዓት እየደረሰ ነው። ምሥራቅ ማለት ወደ በረቱ ማለት ነው።

ሴትዮዋ ስልኳን ሰጠቻት። አርዲስ በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የእኔን የቤት ስልክ።

«ላቮን፣ ቬርሊን እዚያ አለ?»

«ምን? አብረሽው አይደለሽ እንዴ!»

«ማደያ ላይ ጥሎኝ ሄደ። እስኪ በመስኮት እይልኝ። የበረቱ በር ተከፍቷል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ክንፍ አለው? ሌላ ግዛት፣ ዳኮታ መሐል ሆነሽ!»

«አውቃለሁ። ግን እይልኝ።»

ሄጄ አየሁላት፣ ምን ላድርግ። በሩ ተዘግቷል። ማድ ቤቷም ጨልሟል፤ እኔም በዚያ ሰዓት መስኮቱን ጨልሞ አይቼው አላውቅም ነበርና ሆዴ ባባ። የቬርሊንን ሞባይል ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባትሪው እንዳያልቅ ብሎ ያጠፋዋል፣ ጅሉ ወንድሜ! እየነዳሁ ስልክ ማን ይደውልልኛል ብሎ ነው።

እሱ በዚህ ጊዜ ይነዳል። ከኋላው ድምፅ የለም፤ ታዲያ መቼ ነበር እና! ሚስቴ ተኝታለች ብሎ ለብቻው ቀስ እያለ ይነዳል። ፀሐይ ዝቅ አለች፤ ሣሩ ወርቅማ ሆነ፣ መንገዱም። በማለቢያው ሰዓት እጆቹ መሪው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። የተኛ ሰው አይሰማም፤ ስለዚህ ለተኛ ሰው መናገር ይቻላል። ሲያወራ፣ ሲያወራ፣ ኮረብታዎቹ ቀይና ሐምራዊ እየሆኑ እንደ ሕልም ከመሬት ወጡ። ብቻዬን አላየውም አለ። ዳር ይዞ አቆመ።

«አርዲስ፣ ተነሺ እስኪ ይቺን እዪ» ብሎ መጋረጃውን ገለጠ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ። ብርድ ልብሱ ብቻ። ስልኩን ከፍቶ ደወለላት፤ ትራሱ ሥር ጮኸ። ቀጥሎ እኔ ዘንድ ደወለ።

«ላቮን» አለ፤ ድምፁን አላወቅኩትም። «አርዲስ ከመኪናው ወደቀችብኝ። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ጣልኳት። ገደልኳት።»

«አልወደቀችም! ማደያው ላይ ረስተሃት ነው የሄድክ፣ አንተ ደንቆሮ! ደህና ናት፣ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች!»

ሲያለቅስ ሰማሁት። አባታችን ሲቀበር አላለቀሰም፤ ላሞቹ ሲሄዱ አላለቀሰም። ግን አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ።

«ቬርሊን፣ ወዴት እየነዳህ ነበር? ወደ ቤት ነው?»

«ወደ ቤት ምን ልሠራ?» አለ አፍንጫውን እየሳበ። «ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት።»

ወዲያው ማደያው ጋ ደወልኩ። «አርዲስ፣ ይመጣል፣ ተንፍሺ» አልኳት። «ወዴት ስትነዳ ነበር ብለው፣ ‘ፀሐይዋ ፊት ለፊቴ ናት’ አለኝ።»

«በዚህ ሰዓት? በማለቢያው ሰዓት?» አለች።

«በዚህ ሰዓት።»

ሴትዮዋ የፖም ኬክ አቀረበችላት። እንደ ደንባችን፣ አይ ይቅርብኝ፣ አይ ጠግቤያለሁ፣ አይ አልቸግርሽ ካለች በኋላ በላችው፤ ሁለተኛውንም ጨመረች።

ቬርሊን ሲደርስ ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቧ መጥቶ ቆመና ነጠላ ጫማዋን አየ። «መጸዳጃ እኮ አለን» አለ።

«አዲስ ነው» አለች።

«እሱስ አዲስ ነው» አለ፤ ገባውና።

ገቡ። ትንሽ እንደሄዱ፣ «ዝም ብለህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የነዳኸው?» አለችው።

«ሳወራሽ ነበር።»

«ምን ብለህ?»

አንገቱ ቀላ። ጆሮውም። «ተይው እስኪ።»

«ንገረኝ።»

«እንዲህ አጠገቤ ተቀምጠሽማ አልችልም» አለ። «ሂጂና ጋደም በይ።»

አርዲስ ተነሣች። ሄዳ ተኛችና መጋረጃውን ሳበች። በመስኮቷ የመጨረሻው ብርሃን ጣራው ላይ ይዋኛል። ድምፁ ከፊት መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ላሞቹን የሚያባብልበት ድምፅ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራ። ተሰናበታቸው መሰለኝ አለችኝ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«በረቱ ውስጥ የምቆመው ለእነሱ ይመስልሻል። አይደለም። ከበረቱ በር ላይ ማድ ቤትሽ ይታያል፤ መብራቱ፣ አንቺ፣ ወዲያ ወዲህ ስትይ። ሳልብ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይሽ ኖርኩ። ማዕድ ላይ ቀና ብዬ ላይሽ አፍራለሁ፤ ከዚያ ሆኜ ግን እንደ ልቤ አይሽ ነበር። ላሞቹ ሲሄዱ አንቺን የማይበት ሰበብ አጣሁ። ግቢ ያደርን ዕለት ሄጄ ብቆም መስኮቱ ጨለማ ነው። ደነገጥኩ። ኋላ እዚህ ውስጥ ትንሿ መብራት በራች፣ አንቺም በሩ ላይ ወጣሽ። ለካ መብራቱ የቤቱ አልነበረም። ከሄድሽበት አብሮሽ ይሄዳል። ከእንግዲህ የምትይውን መንገድ ሁሉ እነዳለሁ።»

አርዲስ ትራሱን አፏ ላይ ጭና ነበር። ከራስጌዋ ያለችውን ትንሿን መብራት አበራቻት።

«ተኝተሻል እንዴ?» አለ ቬርሊን ከፊት።

«አዎ» አለችው፣ «ተኝቻለሁ።»

«ጥሩ» አለና ቀጠለ።